በጎንደር የሠርግ እድምተኛ አቀባበል፤ መብሉ፣ መጠጡና አገር ማሳየቱ

በጎንደር ከተማና በአካባቢዋ ባለው ልማድ ለሠርግ የተጠራ ሰው እድምተኛ ይባላል። እድምተኛ ከሩቅም ይምጣ ከቅርብ፣ ከዳሱ ገብቶ ሲቀመጥ ሁለት ነገሮች አብረውት ይቀመጣሉ። አንደኛው የደጋሹ ክብር ነው፤ ሁለተኛው የእድምተኛው ምስክርነት ነው። ደጋሹ ባቀረበው መብልና መጠጥ ስሙ ይመሰገናል ወይም ይነቀፋል። እድምተኛውም የበላውንና የጠጣውን፣ ያየውንና የሰማውን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ከዚያም በኋላ እገሌ የእገሌን ልጅ በወግ በማዕረግ አገባ ብሎ የሚናገረው እርሱ ነው። ሠርገኛን ማብላት፣ ማጠጣትና አገር ማሳየት ሦስት የተለያዩ ተግባሮች መስለው ቢታዩም፣ በአንድነት የሚፈጽሙት ሥራ አንድ ነው፤ ይኸውም ባዕድ ሆኖ የመጣውን ሰው አውቆ የሚመሰክር ወዳጅ ማድረግ ነው።

ይህ ምስክርነት በሕግም ዘንድ ዋጋ አለው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ በክብር መዝገብ ሹም ፊት ለሚፈጸም ጋብቻ ከእያንዳንዱ ወገን ሁለት፣ በጠቅላላው አራት ምስክሮች እንዲገኙ ያዛል። የጋብቻ የምስክር ወረቀት በሌለበት ጊዜም፣ ሁለቱ ሰዎች እንደ ባልና ሚስት የሚተያዩ፣ ዘመድና ጎረቤትም እንደ ባልና ሚስት የሚያያቸው መሆኑን በሰው ምስክር ማስረዳት እንደሚቻል ደንግጓል። በገጠር ብዙ ጋብቻ የሚፈጸመው በልማድ ሥርዓት ስለሆነ ወረቀት የሌላቸው ባልና ሚስት ጥቂቶች አይደሉም። ከእነዚህ አንዱ ሞቶ የውርስ ክርክር ሲነሣ፣ ወይም ፍቺ ሆኖ ንብረት ሲከፈል፣ ሚስትነቷን የተካደች ሴት ለምስክርነት የምትጠራው በሠርጓ ዳስ ውስጥ የበላውን ሰው ነው። ስለዚህ የሠርግ ማዕድ ነገር የሆድ ነገር ብቻ ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

፩. የሠርጉ ወራት

የሠርጉን ቀን አስቀድሞ የሚወስነው የቤተ ክርስቲያን ባሕረ ሐሳብ ነው። በዐቢይ ጾም ተክሊልም ሆነ የሠርግ ድግስ አይደረግም። ከጾሙ በፊት ያለው ጊዜ ግን እህሉ ከአውድማ የገባበት፣ ከብቱ ያልከሳበት፣ መንገዱም የደረቀበት ስለሆነ ለሠርግ የተመቸ ነው። ጥምቀት ጥር 11 ቀን ይውላል። በማግሥቱ ጥር 12 ቀን የሚከበረው ቃና ዘገሊላ፣ ጌታ በገሊላ አውራጃ በቃና ከተማ በሠርግ ቤት ተገኝቶ ውሃውን ወደ ወይን ጠጅ የለወጠበት መታሰቢያ ነው። እንግዲህ የሠርጉ ወራት በር የሚከፈተው በሠርግ በዓል ነው።

መዝጊያው ግን ከዓመት ዓመት ይለያያል። ዐቢይ ጾም ከየካቲት 1 ቀን ቀድሞ አይገባም፤ ከመጋቢት 5 ቀንም አያልፍም። ስለዚህ ከቃና ዘገሊላ እስከ ጾሙ መግቢያ ያለው ጊዜ ባነሰ ዓመት 19 ቀን፣ በበዛ ዓመት 53 ቀን ይሆናል። ከዚህም ላይ ዐቢይ ጾም ሊገባ 14 ቀን ሲቀረው የሚጀምረው የነነዌ ጾም ሦስት ቀን ይወስዳል። ጾሙ በሚቀድምበት ዓመት ሠርጎች ይደራረባሉ፤ አንድ ሰው በአንድ እሑድ ሁለትና ሦስት ዳስ ይጠራል፤ በሬው፣ ማሩና ቅቤው በቅዳሜ ገበያ ይወደዳል፤ አዝማሪም ተፈልጎ አይገኝም። በዚህ ምክንያት አስተዋይ ደጋሽ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት የዓመቱን አጽዋማት ከካህኑ ይጠይቃል።

ከሩቅ የሚመጣው ዘመድ፣ በተለይም በአሜሪካ፣ በአውሮጳ፣ በእስራኤልና በዐረብ አገሮች የሚኖረው፣ ጥምቀትንና ሠርጉን በአንድ ጉዞ ማግኘት ስለሚሻ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው በከተራ ሰሞን ነው። ይህ እንግዳ እንደ ደረሰ የሥጋ ማዕድ ይጠብቅ ይሆናል። ነገር ግን ጥር 10 ቀን፣ የከተራ ዕለት፣ ጾመ ገሃድ ነው፤ ጥምቀት ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውል በዕለቱ ይበላበት ዘንድ በዋዜማው ይጾማል። ይህን ለእንግዳው አስቀድሞ መንገር የደጋሹ ግዴታ ነው፤ ካልነገረው ግን እንግዳው የቀረበለትን ሽሮ አይቶ እንደ ተናቀ ሊቆጥረው ይችላል።

፪. የድግሱ ዝግጅት

«ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» የሚለው ተረት በአገሩ ሁሉ የታወቀ ነው። የሚነገረውም ጊዜው ካለፈ በኋላ ለሚሯሯጥ ሰው ነው። የተረቱ ኀይል የሚገባው ግን በርበሬ ከመቀንጠስ እስከ ድስት ምን ያህል መንገድ እንዳለው ለሚያውቅ ነው። ዛላው በርበሬ በፀሐይ ደርቆ እንጨቱና ፍሬው ይለያል፤ ከዚያም ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብል፣ ከበሶብላና ከጤና አዳም ጋር ይደለዛል፤ የተደለዘው ታምቆ ይሰነብትና እንደ ገና በፀሐይ ይደርቃል፤ በመጨረሻ ኮረሪማው፣ ነጭና ጥቁር አዝሙዱ፣ ሌላውም ቅመም ተጨምሮበት ይፈጫል። ሠርገኛው በደጅ ቆሞ በርበሬ የሚቀነጥስ ቤት እንግዲህ የሳምንታትን ሥራ በአንድ ሰዓት ሊሠራ የሚመኝ ቤት ነው። ተረቱ የሚያስተምረው ይህን ነው፤ ለእድምተኛ የሚቀርበው ዋናው ነገር ጊዜ ነው።

ይህ ጊዜ የሴቶች ጊዜ ነው። የጎረቤትና የዘመድ ሴቶች ከሠርጉ ብዙ ቀን አስቀድመው በደጋሹ ቤት ይሰበሰባሉ፤ ሽንኩርት የሚከትፈው፣ ጤፍ የሚያበጥረው፣ ቅቤ የሚያነጥረው፣ ብቅል የሚያበቅለው እጅ የእነርሱ ነው። የሠርጉ ቀን ሲደርስም ብዙዎች ከቤታቸው እንጀራ ጋግረው ይመጣሉ። ይህ እገዛ በልብ ይመዘገባል፤ የዛሬዋ ደጋሽ ነገ በረዳቶቿ ቤት ድግስ ሲሆን እንደዚሁ ታደርጋለች። በዚህ ልውውጥ ውስጥ ያልገባ ቤት በሬ ቢጥልም ድግሱ ብርድ ብርድ ይላል ይባላል።

ከወጡ ሁሉ የክብሩን ስፍራ የያዘው ዶሮ ወጥ ነው። ቀይ ሽንኩርቱ ያለ ውሃ በዝግታ ይቁላላል፤ በርበሬው ገብቶ እንደ ገና ይበስላል፤ ንጥር ቅቤው ይከተላል። ዶሮዋ በ12 ብልት ትከፈልና በጨውና በሎሚ እየተደጋገመች ትታጠባለች። ብልቱን አሳስታ ያወጣች ሴት ሙያዋ ይጠረጠራል፤ እያንዳንዱ ብልት ስምና ባለቤት አለውና። ፈረሰኛ የሚባለው ብልት ለቤቱ አባወራ ወይም ለከበረው እንግዳ ይወጣል። የአማቶቹ ታላቅ ከማዕዱ ቀርቦ ፈረሰኛው ለሌላ ቢወጣ፣ ስሕተቱ የወጥ ቤት ስሕተት ሆኖ አይቀርም፤ በሁለቱ ወገኖች መካከል እንደ ንቀት ይነሣል።

፫. መጠጡ

የሠርግ መጠጥ በመሠረቱ ሁለት ነው፤ ጠላና ጠጅ። አረቄ ቢቀርብም ተከታይ ነው።

ጠላ የሚጠመቅበት ጋን አስቀድሞ በግራዋ ቅጠል ይታጠባል፤ ከዚያም በወይራ እንጨት ጢስ ይታጠናል። የጠላው መዓዛ እኩሌታው ከዚህ ጢስ ይመጣል። የጌሾው ቅጠል ተወቅጦ በውሃ ሲዘፈዘፍ ጥንስስ ይባላል። ጥቂት ቀን ሰንብቶ ብቅሉና የተጋገረው ቂጣ ሲገባበት ድፍድፍ ይሆናል። ድፍድፉ በስሎ ውሃ ሲጨመርበትና አፉ ተከድኖ ሲቀመጥ ጠላ ይሆናል። ሳይጣራ የሚጠጣው ጉሽ ነው፤ ለክብር እንግዳ ግን የጠራው ይቀዳል። ከአተላው በላይ የሰፈፈው የቱ፣ የጠራው የቱ እንደ ሆነ የምትለየው ጠማቂዋ ናት።

የጠጅ ሥራ በቃል ሲነገር ቀላል ነው፤ ማር በውሃ ይበጠበጣል፣ የጌሾ እንጨት ይገባበታል፣ ይብላላል፣ ይጣራል። መጠኑ ብዙ ጊዜ አንድ እጅ ማር ለሦስት ወይም ለአራት እጅ ውሃ ነው። ችግሩ ማሩን ከማወቅና የአየሩን ሙቀትና ብርድ ከመጠበቅ ላይ ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር የበለጠ ከፍታ ስላላት፣ የጥር ሌሊት ቅዝቃዜ ጠጁን ያዘገየዋል፤ ስለዚህ ለሠርግ የሚጣለው ጠጅ ከቆላ ጠጅ ይልቅ ቀደም ብሎ መጣል አለበት። በቀደመው ዘመን ጠጅ የነገሥታትና የመኳንንት ማዕድ መጠጥ ነበር። ሙሽራው በሠርጉ ሰሞን እንደ ንጉሥ ስለሚቆጠር፣ ድኻም ሆነ ባለጸጋ ለሠርጉ ቢያንስ ጥቂት ጠጅ ለማቅረብ የሚጨነቀው ከዚህ የተነሣ ነው።

ጠላ በዋንጫ፣ ጠጅ በብርሌ ይቀርባል። በቀደመው ሥርዓት ጠጅ አሳላፊው ለእንግዳው ከመስጠቱ በፊት ጥቂት በመዳፉ ጨምሮ ይቀምስ ነበር። ይህ ቅምሻ መጠጡ ከመርዝ ንጹሕ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት ነው። ከሌላ አገር ለመጣ እድምተኛ የሚሰጠው ምክር አጭር ነው፤ ጠላ ቢደጋገም አይከፋም፣ ጠጅ ግን ጣዕሙ ማር ስለሆነ ያታልላል፤ የመጀመሪያውን ብርሌ በዝግታ የጠጣ ሰው እስከ መጨረሻው ዘፈን ድረስ በእግሩ ይቆማል።

፬. የማዕዱ ሥርዓት

እድምተኛው ከዳሱ ሲገባ ቄጤማ ተጎዝጉዞ ያገኛል። የእጅ ውሃ ይዞርለታል። ካህናትና ሽማግሌዎች ከላይ ይቀመጣሉ፤ የሙሽራዪቱና የሙሽራው ወገኖች ስፍራቸው የታወቀ ነው። ካህኑ ማዕዱን ሳይባርክ እጅ አይዘረጋም። እንጀራ አሳላፊ፣ ወጥ አሳላፊና ጠጅ አሳላፊ ሥራቸው የተለያየ ነው፤ ደጋሹ ራሱ ግን ታጥቆ ይቆማል እንጂ አይቀመጥም። ባለቤቱ ቆሞ እንግዳው መቀመጡ ለእንግዳው የሚሰጠው ክብር የሚታይበት ዋና ምልክት ነው። የቤቱ ሰዎች የሚበሉት እድምተኛው ከተነሣ በኋላ ነው።

ምግቡ የሚቀርበው በተርታ ነው። መጀመሪያ ድፎ ዳቦው ይቆረሳል፤ ከዚያ ወጡ በእንጀራ ላይ ይወጣል፤ በመጨረሻ ቁርጡ ከአዋዜና ከሚጥሚጣ ጋር ይመጣል። ጥሬ ሥጋ ያለመደ እንግዳ ቢኖር የሚያሳፍረው ነገር የለም፤ ጥብስ እንዲመጣለት ቢጠይቅ በደስታ ይሰጠዋል። ጨርሶ አለመብላቱ ግን ያስከፋል። ደጋሹ «በሞቴ»፣ «አፈር ስሆን» እያለ ይለምናል፤ እንግዳውም መጀመሪያ «በቃኝ» ማለት ወጉ ነው፤ በሁለተኛው ልመና ጥቂት ይቀበላል። በመጀመሪያው ጥሪ ዘሎ የሚያነሣ ሆዳም፣ እስከ መጨረሻው እንቢ የሚል ደግሞ ቂመኛ ይባላል። ጉርሻም ሥርዓት አለው፤ አንድ ጉርሻ ያጣላል ስለሚባል የጎረሰ ሰው ሁለተኛውን ይጠብቃል፣ ያጎረሰም ይደግማል። አማቶች እርስ በርሳቸው ሲጎራረሱ ማየት እድምተኛው ኋላ ከሚመሰክራቸው ነገሮች አንዱ ነው።

፭. ጾመኛውና የሌላ ሃይማኖት እድምተኛ

ሠርጉ ብዙ ጊዜ ቅዳሜና እሑድ ስለሚሆን ዋናው ማዕድ የፍስክ ነው። ነገር ግን ከሩቅ የመጣ እንግዳ መልሱንና ቅልቅሉን ጠብቆ ስለሚሰነብት ረቡዕና ዓርብ ያገኙታል። ለእነዚህ ቀናት ጥሩ ደጋሽ የተለየ ሙያ ያዘጋጃል፤ ከባቄላ ዱቄት፣ ከሱፍና ከሰናፍጭ የሚሠራው ስልጆ፣ የሱፍ ፍትፍት፣ የምስር ወጥ፣ የአተር ክክ አልጫና ጎመን ይቀርባሉ። የጎንደር ሴቶች ሙያ ከዶሮው ይልቅ በጾሙ ማዕድ ይታወቃል የሚሉ ሽማግሌዎች አሉ፤ ቅቤ የሌለበት ወጥ ጉድለቱን የሚሸፍንለት የለምና።

በከተማዪቱ ክርስቲያንና ሙስሊም ለረጅም ዘመን በጉርብትና ኖረዋል፤ ሁለቱም ግን በየራሳቸው ሃይማኖት ሰው እጅ የታረደውን እንጂ የሌላውን አይበሉም። ስለዚህ ክርስቲያኑ ደጋሽ ሙስሊም ጎረቤቶቹን ሲጠራ በሬውን ወይም በጉን ከነሕይወቱ ይሰጣቸዋል፤ እነርሱም በራሳቸው ሰው አሳርደው፣ በራሳቸው ሴቶች እጅና በራሳቸው ዕቃ አብስለው፣ ለእነርሱ በተለየው ዳስ ይበላሉ። በጠጅ ፈንታ ያልፈላ ብርዝ ይቀርብላቸዋል። በሙስሊሙ ሠርግ ደግሞ ክርስቲያኑ እንደዚሁ ይደረግለታል። ሁለት ዳስ ማየት ለባዕድ ዓይን መለያየት ሊመስል ይችላል። ልማዱን ለሚያውቅ ግን ሁለተኛው ዳስ የጥሪው እውነተኛነት ማረጋገጫ ነው፤ የማይበላውን አቅርቦ መጥራት ከአለመጥራት አይሻልምና።

፮. አገር ማሳየት

በሠርጉና በመልሱ መካከል ያለው ቀን ለእንግዳው ባዶ ቀን ነው። ደጋሹ ቤት ሥራ በዝቷል፤ እንግዳው ከቤት ቢውል ሥራ ያስፈታል፣ ብቻውን ቢወጣ ደግሞ የተተወ ይመስለዋል። ስለዚህ ከቤቱ ልጆች አንዱ፣ ንግግር የሚያውቅና ሽማግሌን አንቱ ብሎ የሚያጫውት፣ መሪ ሆኖ ይሰጠዋል። መውጣት የሚገባው በጠዋት፣ ከቡናው በኋላና ከጠጁ በፊት ነው።

የመጀመሪያው ስፍራ ፋሲል ግቢ ነው። ዐፄ ፋሲለደስ ጎንደርን የመንግሥት መቀመጫ ያደረጓት በ1628 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከእርሳቸው በኋላ የተነሡት ነገሥታት ግንባቸውን እየጨመሩ የሠሩበት ይህ ግቢ 900 ሜትር ያህል ርዝመት ባለው ቅጥር የተከበበ ሲሆን፣ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። ለሠርግ እንግዳ ከግንቡ ቁመት ይልቅ የሚጠቅመው የግብሩን አዳራሽ ስፍራ ማየት ነው። ትናንት በዳሱ ውስጥ ያየው የአሳላፊዎች ተርታ፣ የቅምሻው ሥርዓት፣ የመቀመጫው ማዕረግ ከየት እንደ ወረደ የሚገባው እዚህ ነው። የገበሬ ዳስ የቤተ መንግሥትን ግብር በትንሹ የሚደግም መሆኑን መሪው ልጅ ሊነግረው ይገባል።

ሁለተኛው ስፍራ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ነው። ጫማ ይወልቃል፤ ድምፅ ዝቅ ይላል። ጣሪያው በመላእክት ፊት ሥዕል የተሞላ ነው። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ጎንደርን ባቃጠሉ ጊዜ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ሲጠፉ ይህ ቤተ ክርስቲያን ተርፏል። የአገሩ ሰው የንብ መንጋ ተነሥቶ ጠላትን እንዳባረረ ይተርካል። ማሩን በጠጅ የቀመሰ እንግዳ ስለ ንቡ የሚነገረውን እዚህ ይሰማል።

ሦስተኛው ከከተማው ወደ ምዕራብ ከፍ ብሎ ያለው ቁስቋም ነው። እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ቤተ ክርስቲያንና የቤተ መንግሥታቸው ፍራሽ በዚያ ይገኛል። እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በእቴጌዪቱ ጥበቃ ሥር በዚህ ስፍራ ተቀምጧል። ስለ ግብሩና ስለ ጥሬው ሥጋ የጻፈው በ1790 በታተመ ጊዜ ከአገሩ ሰዎች ብዙዎቹ አላመኑትም። የብሩስ ነገር ለእድምተኛ ትምህርት ነው፤ የማዕዱ ሥርዓት ሳይገለጥ መብሉ ብቻ የተነገረው ሰው ወይ ይስቃል ወይ ይጠራጠራል። ምስክር እንዲታመን ሥርዓቱን ማወቅ አለበት።

አራተኛው፣ ከመካከለኛው ከተማ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የፋሲል መዋኛ ነው። ከቀሃ ወንዝ በሚመጣ ውሃ ለጥምቀት ይሞላል። በከተራ ታቦታቱ ወደዚህ ይወርዳሉ፤ ሌሊቱ በማኅሌት ያልፋል፤ ጠዋት ውሃው ተባርኮ ሕዝቡ ይገባበታል። በዓለ ጥምቀት እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ2019 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ተመዝግቧል። ከጥምቀት በኋላ የሚመጣ እንግዳ ሕዝቡን አያገኝም፤ የትልልቅ ዛፎች ሥሮች ያቀፉትን ቅጥርና ጸጥታውን ግን ያገኛል።

ጊዜ ያለው እንግዳ በስተ ሰሜን፣ ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ ወዳለችው ወደ ወለቃ ይወሰዳል። ይህች መንደር በሸክላ ሥራቸው የታወቁት ቤተ እስራኤል የኖሩባት ናት። የቀድሞ ደጋሾች ጋኑንና ማሰሮውን ከእጃቸው ይገዙ ነበር፤ ማዕድ ግን አይጋሩም ነበር፤ ቤተ እስራኤል በንጽሕና ሕጋቸው ከሌላው ጋር አይበሉም፣ ክርስቲያኑም በባለ እጅነታቸው ይርቃቸው ነበር። ቤተ እስራኤል እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1984 እና በ1985 በሱዳን በኩል፣ በ1991 ደግሞ ከአዲስ አበባ በብዛት ወደ እስራኤል ተወስደዋል። የጠላው ጋን ታሪክ ያለዚህች መንደር ስለማይሟላ እንግዳው ቢያያት መልካም ነው።

ከዚህ የሚርቀው መንገድ ሁለት ነው። በስተ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በደባርቅ በኩል ወደ ስሜን ተራሮች ይደረሳል፤ ጭላዳና ዋልያ በዚያ ይታያሉ። በስተ ደቡብ በጣና ዳር ጎርጎራና የደብረ ሲና ማርያም ገዳም አሉ። እነዚህ ግን ከመልሱ በኋላ እንጂ በፊት የሚታሰቡ አይደሉም፤ ከመልሱ የቀረ እድምተኛ ሠርጉን በግማሽ እንዳየ ይቆጠራልና። መንገዱንም ከመጀመር በፊት ሰላም መሆኑን መጠየቅ ያስፈልጋል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል ጦርነት ተነሥቶ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ በታወጀ ጊዜ መንገድ መዘጋቱ ከሁሉ አስቀድሞ የታየው በእንዲህ ያለው ነገር ነው፤ ሩቅ ያለው ዘመድ ይቀራል፣ ዳሱም የአንድ ሰፈር ዳስ ሆኖ ያልፋል።

፯. የልማዱ መለወጥና የሚጠበቀው ነገር

ዛሬ በከተማ ዳስ መጣል እየቀነሰ በአዳራሽ መደገስ እየበዛ ነው። ምግቡን በኪራይ የሚያዘጋጁ ሰዎች ያበስላሉ፤ ቢራና ለስላሳ መጠጥ ከጠላው ጎን ይቆማሉ፤ ማዕዱም በተርታ ቆሞ እያነሡ መሄድ ሆኗል። ይህ ድካም ይቀንሳል፤ ለሴቶቹም ዕረፍት ነው። በሌላ በኩል የድግሱ ወጪ ብዙ ቤተሰብን ለብድር የሚዳርግ መሆኑ የቆየ ነቀፌታ ነው፤ ነቀፌታውም እውነት አለበት። ለሠርግ በሬ የተበደረ አባት፣ ልጁ ከወለደ በኋላም ዕዳ ሲከፍል የሚታይበት ጊዜ አለ።

ነገር ግን ከላይ እንደ ታየው እድምተኛን ምስክር የሚያደርገው የምግቡ ብዛት አይደለም። አንድ ብልት ለሚገባው ሰው መውጣቱ፣ ለጾመኛው ጾሙ መጠበቁ፣ ለሙስሊሙ ጎረቤት ሁለተኛው ዳስ መጣሉ፣ ደጋሹ ቆሞ መለመኑ፣ ለሩቁ እንግዳ መሪ ልጅ መሰጠቱ በወጪ የሚከብዱ አይደሉም። በአዳራሽም ሆነ በዳስ፣ በአንድ በግም ሆነ በአሥር በሬ ሊፈጸሙ ይችላሉ። እነዚህ ተትተው በሬው ብቻ ሲበዛ፣ እንግዳው ጠግቦ ይሄዳል እንጂ ማንን ማን እንዳገባ፣ የማን ወገን ከማን ጋር እንደ ተጎራረሰ ሳያውቅ ይሄዳል። ከዓመታት በኋላ ያቺ ሴት ምስክር ስትፈልግ፣ «ሠርጉ ላይ ነበርሁ፤ ምግቡ ጥሩ ነበር» የሚል ሰው አይረዳትም። የሚረዳት፣ ከማን አጠገብ እንደ ተቀመጠ፣ ፈረሰኛው ለማን እንደ ወጣ፣ አባቷ የትኛውን አማች እንዳጎረሰ የሚያስታውሰው ነው።